በነነዌ የተጣደ የበሬ ጅራት

በ1972 ዓ.ም. በበጋው፣ ጥምቀት ካለፈ ከሳምንት በኋላ ነው። ባለቤቴ ከእስር ከተፈታ ገና አርባ ቀን አልሞላውም ነበር። ስምንት ወር ታስሮ ነው የወጣው። ጥፋቱ በቤታችን ሰዎች ተሰብስበው መጸለያቸው ነበር። ሲፈታ እግሮቹ አብጠው ጫማ አልገባ ብሎት፣ በባዶ እግሩ ግድግዳ እየያዘ ቤት ደረሰ። በሕይወት ስላየሁት አምላኬን አመሰገንሁ። ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

የተፈታው ግን ፈርሞ ነው። የወረቀቱ ቃል አጭር ነበር፦ በቤቴ ውስጥ ማናቸውም ዓይነት ስብሰባ ቢደረግ ተጠያቂው እኔ ነኝ፣ ወደ እስር ቤትም እመለሳለሁ የሚል። ቤት በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ እግሩን በሞቀ ውኃ ሳጥብለት ይህንኑ ነገረኝ።

«እንግዲህ እዚህ ቤት ውስጥ አይሁን» አለኝ። «ሌላ ቦታ ሂጂ፣ አልከለክልሽም። እዚህ ግን አይሁን። ሁለተኛ ብገባ የምወጣ አይመስለኝም።»

እሺ አልሁት።

ያን እሺታዬን አፈረስሁት። ልጆቼ ያን ቀን እያነሡ ሲያወሩ እኔን ደፋር ያደርጉኛል። ደፋር አልነበርሁም። የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው።

አምስት ሴቶች ነበርን። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ሰኞ ሰኞ፣ ባሎቻችን ሥራ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲሆኑ፣ በየተራ በአንዳችን ቤት እንገናኝ ነበር። እህል ሳንቀምስ እንመጣለን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጸለይን እንቆያለን፣ ከዚያ አብረን ጾማችንን ፈትተን አንድ በአንድ እንበተናለን። የሚያስቸግረው አምስት ሴቶች ስድስት ሰዓት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ምን ያደርጋሉ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ ማግኘቱ ነበር። ሽሮ እየሠራን ነው እንዳንል ሽሮ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል። ዶሮ እንዳንል፣ በሰኞ ቀን ዶሮ የሚሠራ ቤት ራሱ ያስጠይቃል።

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከማግባቴ በፊት አንዲት ጣልያናዊት ቤት አራት ዓመት ወጥ ቤት ሆኜ ሠርቻለሁ። ሴትዮዋ ከሥጋ ሁሉ የበሬ ጅራት ትወድ ነበር። የእኛ ሰው ጅራትን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እሷ ግን ለእንግዳ የምታቀርበው እሱን ነበር። አሠራሩን ያስተማረችኝ አጠገቤ ቆማ፣ እሳቱ በበዛ ቁጥር እጄን እየመታች ነው። ድስቱ መፍላት የለበትም፣ ማጉረምረም ብቻ ነው ያለበት። እንዲያ ሆኖ አራት ሰዓት ይፈልጋል። ያረጀ በሬ ከሆነ አምስትም ስድስትም ይወስዳል። ሰው ከአጠገቡ ሊለይ አይችልም፤ እሳቱ ከበረታ ያርራል፣ ከደከመ ጅማቱ አይፈታም።

ስለዚህ ድስቱ ሰበባችን ሆነ። የመጣ ሰው ቢመጣ «አጥንት እየቀቀልን ነው» እንላለን። ደግሞም እውነት ነው፤ እየቀቀልን ነው። ለመዋሸት አንደበታችን አልለመደልንም፤ ሳንዋሽ የሚሸሽገን ነገር በማግኘታችን ደስ ብሎን ነበር። የጸሎታችንም ሰዓት በድስቱ ሆነ። ሥጋው ከአጥንቱ ሲለቅ እኛም እናበቃለን። ጣልያናዊቷ አገሯ ስትገባ የተወችልኝ ከባድ የብረት ድስት በዘንቢል ሆኖ ከቤት ቤት ይዞር ነበር።

በዚያ ሰሞን ባለ ተራዋ ሴት የጎን ጎረቤቷ አብዮት ጥበቃ ሆኖ ተመረጠ። እሷ ቤት መሄድ ቀረ። የሁለቱ ቤት በአማትና በተከራይ የተጨናነቀ ነው። በዕድሜ የገፉት፣ እማማ የምንላቸው፣ የሚኖሩት ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሥር በአንዲት ክፍል ነው፤ አምስት ሰው አትይዝም። ማንም የእኔን ቤት አላነሣም፤ ሁሉም ስለ ፊርማው ያውቃሉ።

«አንድ ሰኞ ብናልፈው አምላክ አይቀየመንም» አሉ እማማ።

«እኔ ቤት ይሁን» አልሁ።

ለምን እንዳልሁት እስከ ዛሬ በደንብ አላውቀውም። ባሌን የመለሰልኝን አምላክ በዚያው በተወሰደበት ቤት ላመሰግነው ፈልጌ ይመስለኛል። ለባሌ ግን አልነገርሁትም። ብነግረው እምቢ እንደሚል አውቅ ነበርና ነው። ከተጋባን ጀምሮ የደበቅሁት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ቅዳሜ አዲሱ ገበያ ወረድሁ። ልኳንዳው ከወትሮው የበለጠ ሰው ሞልቶበት ነበር። ባለ ልኳንዳው ያውቀኛል፤ ጅራት ፈልጋ የምትመጣ እኔ ብቻ ነኝ።

«መጣች ባለ ጅራቷ» አለ ገና ከሩቅ። «ዛሬስ ምን ልታደርጊው ነው፣ ዝንብ ልታባርሪበት?»

«ቆዳውን ግፈፈውና በየመገጣጠሚያው በቢላ ቁረጥልኝ። በመጥረቢያ አትምታው፣ አጥንቱ ይሰባበራል።»

«እንዲህ አድርገው የሚያዝዙኝ አንቺና ሚስቴ ብቻ ናችሁ።»

ወረፋ የያዙት ሳቁ። እሱ እያጉረመረመ በጣቱ መገጣጠሚያውን እየፈለገ ቆረጠልኝ። ጥሩ ጅራት ነበር፣ ከሥሩ የወፈረ፣ ስቡ ነጭ። ጠቅልሎ ሲሰጠኝ «እንግዲህ ነገ ማታ ጨርሱት» አለኝ። እንዳይበላሽ ያለኝ መስሎኝ እሺ ብዬው ሄድሁ።

ሥጋውን ጨው ነስንሼበት ከጓሮ ከጣራው ክፈፍ ሥር ሰቀልሁት። ጥር ላይ ከእንጦጦ በሚወርደው ብርድ ሥጋ ሁለት ቀን አይነካም።

ሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሊሄድ ሲነሣ የተሰቀለውን አየ። ያን ሰሞን ነበር ሥራው ላይ የመለሱት።

«ይህ ሁሉ ለማን ነው?» አለኝ።

«ለአንተ። አጥንትህ ይጠገን።»

«እንግዲያው ማታ ቶሎ እመጣለሁ» ብሎ ፈገግ አለ። ከተፈታ ወዲህ ፈገግ ሲል ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። በሩን ዘግቶ ወጣ። ለእሱ ነው ማለቴ እውነት ነበር፤ ግን ግማሹን ነው የነገርሁት።

ሦስት ሰዓት ላይ ከሰሉን አያያዝሁ። የጅራቱን ቁርጥራጮች አጥቤ በጨርቅ አደረቅሁ። ውኃ ካለበት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ጥቂት ዘይት አግዬ ሁሉንም በየተራ ቡናማ እስኪሆኑ አገላበጥሁና አወጣኋቸው። በቀረው ስብ ሽንኩርት አቁላላሁ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሁለት ካሮት ጨመርሁ፣ ከዚያ የቲማቲም ድልህ። ጣልያናዊቷ በዚህ ላይ አንድ ብርጭቆ ወይን ታፈስበት ነበር። እኔ አቼቶ በውኃ አቅጥኜ እጨምራለሁ፤ ሥጋውን ያፈታታዋል። ጅራቱን መልሼ፣ የጥብስ ቅጠል ጥዬ፣ ውኃው እኩል እስኪደርስ ሞልቼ ከደንሁት። ከሰሉን በአመድ ሸፈን አደረግሁ። ድስቱ ማጉረምረም ጀመረ።

ሴቶቹ አንድ በአንድ መጡ። ደንባችን ማንም ባዶ እጁን እንዳይመጣ ነበር። አንዷ ቢላ፣ አንዷ መክተፊያ፣ እማማ ሦስት ሽንኩርት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው። አምስት በርጩማ በምድጃው ዙሪያ አድርጌ ነበር፤ ተቀመጥን።

ያን ቀን የጸለይነውን ሁሉ አላስታውስም። ድምፃችንን አናሰማም፤ መዝሙሩንም ከንፈራችን ብቻ ነበር የሚዘምረው። እማማ የባሌን እግሮች አንሥተው ጸለዩ፣ ግራውን ለብቻ ቀኙን ለብቻ። ከአምስታችን ታናሿ ስታለቅስ አስታውሳለሁ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታው ውስጥ ግን እንደ እሾህ የሚወጋኝ ነገር ነበር፤ በሩ ሲጢጥ ባለ ቁጥር ባሌ የመጣ ይመስለኝና እደነግጥ ነበር። ከአብዮት ጥበቃ ይልቅ እሱን ነበር የፈራሁት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ውኃ ልቀዳ ወደ ግቢው በር ወጣሁ። የድስቱ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። እኔ እንኳ በባዶ ሆዴ አፌ ውኃ ሞላ። ባልዲውን ቧንቧው ሥር አስቀምጬ ቀና ስል፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሽቅብ ወደ ቁስቋም የሚሄዱ ሰዎች አየሁ። ጥቂት አልነበሩም፤ ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ልጁ ሁሉ ነበር። ሰኞ ነው፣ በዓል የለም፤ ማን ሞተ ብዬ አሰብሁ።

አንዲት የማውቃት ሽንብራ ቆሎ ሻጭ ስታልፍ «ለቅሶ አለ?» አልኋት።

«ኸረ ቅዳሴ ነው። ነነዌ አይደል እንዴ?» አለችና አፍንጫዋን ወደ ግቢያችን ነፋ ነፋ አድርጋ አየችኝ። መንገዷን ቀጠለች።

ባልዲው ሞልቶ እግሬ ላይ ሲፈስ ነው የነቃሁት።

የነነዌ ጾም እንደ ጥምቀት ቀኑ አይቆምም፤ ከፋሲካው ጋር ወዲያ ወዲህ ይላል። ብዙውን ጊዜ የሚገባው የካቲት ላይ ነው። ያን ዓመት ፋሲካ መጋቢት ውስጥ ስለዋለ ጾሙ ቀድሞ ጥር ላይ ገባ፤ ጥምቀት ካለፈ ገና ስምንት ቀኑ ነው። ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ ሌላውን የማይጾም ሰው እንኳ ነነዌን ይጾማል። እኛ ያን አቆጣጠር ከተውነው ዓመታት አልፈዋል። ከአምስታችን አንዳችንም አላሰብነውም። ባለ ልኳንዳው ነገ ማታ ጨርሱት ያለኝ ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ሰፈሩ ሁሉ በሚጾምበት ቀን የሥጋ ድስት ከብበው የተቀመጡ አምስት ሴቶች ጴንጤ መሆናቸውን ለመናገር ካድሬ መሆን አያስፈልግም። እኔስ የታወቅሁ ነበርሁ፤ ባሌ በዚሁ ታስሮ ወጥቷል። አራቱ ግን አልታወቁም። በእኔ ቤት ተሰብስበው ከተገኙ ደግሞ የሚታሰረው ባሌ ነው። እስከዚያ ቀን የደበቀን ድስት ያን ቀን ሰው ይጠራብን ጀመር።

ገብቼ ነገርኋቸው።

«አውርጂውና ጓሮ እንቅበረው» አለች ታናሿ።

«ሽታውንስ እንዴት ትቀብሪዋለሽ?» አለቻት ከጎኗ ያለችው።

እማማ በእጃቸው የያዙትን ሽንኩርት ያያሉ። «ወደ እናንተ እስክመጣ ሃምሳ ዓመት ጾሜዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «አንድም ዓመት አልረሳሁት። ዛሬ ሽንኩርት ይዤ መጣሁ።»

ሳቅ አመለጠን። አፋችንን በነጠላችን ይዘን እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ታናሿ መልሳ ማልቀስ ጀመረች።

አንድ በአንድ እንዲወጡ ተስማማን። በአንድ ጊዜ ከወጡ የበለጠ ይታያሉ። ሁለቱ በየመካከሉ ጊዜ እየሰጡ ሄዱ። እማማና ታናሿ ቀርተው ሳለ የግቢው በር ተከፈተና የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ገባች።

ከእኛ ሁለት ግቢ ከፍ ብላ ነው የምትኖረው። ክፉ ሴት አልነበረችም። በኅብረት ሱቁ ስኳር ሲከፋፈል የማታዳላ እሷ ነበረች። ከአብዮቱ በፊት በየእሁዱ ቁስቋም ስትስም አያት ነበር። አሁን ካኪ ለብሳ በስብሰባ ላይ ሃይማኖት ጭቆና መሆኑን የምታስረዳን እሷው ነች። ባሌ በተወሰደ ቀንም በራችን ላይ ቆማ ስም የመዘገበችው እሷ ነበረች።

አላንኳኳችም። በሩ ላይ ቆማ በመጀመሪያ እኔን፣ ቀጥላ እማማን፣ ቀጥላ ታናሿን አየች።

«ደህና ዋላችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግቢ እህቴ» አልሁ።

ገባችና ክዳኑን አነሣች። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው። ትንሽ ቆየች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የበሬ ጅራት ነው።»

«በነነዌ በሬው ሳይቀር ጾሟል ሲባል አልሰማሽም? አንቺ ጅራቱን ትቀቅያለሽ።» ቀልድ ነበር፤ ግን አልሳቀችም። ክዳኑን አልመለሰችውም። «እኔ ጾሙ አይደለም ጉዳዬ። የሰፈሩ ሰው መጥቶ ነው የነገረኝ። እዚያ ቤት ሥጋ እየተበላ ነው፣ ሴቶች ገብተዋል አሉኝ።»

ወደ አሮጊቷ ዞረች።

«እማማ፣ እርስዎ ከየት ነው የመጡት?»

«ከቁስቋም ሥር፣ ልጄ።»

«ከዚያ ድረስ ለጅራት?»

«ባሏ ከእስር ስለወጣላት እግዚአብሔርን ላመሰግን ነው የመጣሁት» አሉ እማማ። ቃል በቃል እውነት ነበር። የትኛዋም አሮጊት ልትለው የምትችለው ነገርም ነበር።

ሰብሳቢዋ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እስቲ አውጪላቸው» አለች። «ይቅመሱልሽ።»

ምን እያደረገች እንደሆነ ገባኝ። የነነዌ ለት ሥጋ የሚቀምስ ሰው ምን እንደሆነ በአንድ ጉርሻ ይታወቃል።

«እኔ ጾም ነኝ» አሉ እማማ።

«እኔም ጾም ነኝ» አለች ታናሿ በቀጭን ድምፅ።

ሁለቱም አልዋሹም። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም።

ሰብሳቢዋ አሁን እኔን ታየኝ ጀመር። እኔም ጾም ነበርሁ። እንደነሱ ብናገር እውነቱን መናገሬ ነው። ግን ሦስት ጾመኛ ሴቶች የሥጋ ድስት ከብበው ምን ያደርጋሉ? ሥጋው ባለቤት ሊኖረው ይገባል። አንድ ሰው መብላት አለበት፣ ያውም ያለ ፍርሃት፣ እንደ ቤቱ ሰው። ያን ሰኞ ጾሜን ለምስጋና ብዬ ለአምላኬ የሰጠሁት ነበር። ባሌ በእግሩ ወደ ሥራ ሲሄድ ካየሁ አንድ ሰኞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አልቀምስም ብዬ ቃል ገብቼ፣ ለእማማም ነግሬያቸው ነበር።

ሳህን አነሣሁ። ወፍራሙን ቁራጭ አወጣሁ። ገና አልበሰለም ነበር፤ ጅማቱ አልፈታም፣ በጣም ያቃጥላል። በእጄ ይዤ ነከስሁ። ላንቃዬ ሲላጥ ተሰማኝ። አኘክሁ፣ ዋጥሁ፣ ሌላ ነከስሁ። እማማ ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። ቃሌን እንደማፈርስ ያውቁ ነበር።

«እኔ አልጾምም» አልሁ አፌ እንደሞላ። «ይህን ታውቂያለሽ። ለባሌ የሠራሁት ነው። እነሱ አልነኩትም።»

ሰብሳቢዋ አጥንቱን እስክጨርስ ቆማ ጠበቀች። ምራቋን ስትውጥ አየኋት። ከንፈሯ ደርቆ ዳር ዳሩ ነጭ ሆኖ ነበር። እንዲያ ያለ ከንፈር አውቃለሁ፤ የእማማም የታናሿም ከንፈር እንደዚያው ነበር። ሳየው አየችኝና ፊቷን አዞረች።

ስትዞር ዓይኗ በርጩማዎቹ ላይ ዐረፈ። አምስት ናቸው። ሦስት ሴቶች ነን። ለማንሣት አላሰብንም ነበር። አንድ በአንድ ስትቆጥራቸው አየሁ።

«ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ባልሽ ቀበሌ ይምጣ» አለች።

«እኔ ልምጣ።»

«ፊርማው የሱ ነው።»

ወጣች። ከበሩ መለስ አለችና፣ ሳታየኝ፣ «ድስቱን ክደኚው። ንፋሱ ሽታውን ሽቅብ ነው የሚያመጣው» አለችኝ።

ታናሿ ስትሄድ እግሬ ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ምን እንዳደረገችኝ አላውቅም። እማማ ግን ቆዩ። ጅራቱን አብረን ጠበቅነው፤ እሳቱን እሳቸው ያዙልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሥጋው ከአጥንቱ ለቀቀ። እሳቸውም አልቀመሱም። «እስከ ረቡዕ ልጹመው» አሉ። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማረኝ ስለው ኖሬ ዛሬ ብረሳው ደስ አይለኝም።» ስለ ቃሌ ስጠይቃቸው «ሰኞን ለእሱ ሰጥተሽው ነበር፤ በወደደው መንገድ ወሰደው እኮ» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ያኔ አላጽናናኝም። አሁን ሳስበው ያጽናናኛል።

ባለቤቴ እንዳለው ቶሎ መጣ። ገና ከበሩ ሽታውን ስቦ «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለ። ልጆቹ በልተው ወደ ጓዳ ሲገቡ ለእሱ አቀረብሁለት። እስኪበላ ድረስ ልተወው አስቤ ነበር፣ አልቻልሁም። ሁለተኛውን ቁራጭ ሲያነሣ ነገርሁት። ምንም አላስቀረሁም፤ ሳላማክረው ቤቱን መስጠቴን፣ ጾሙን መርሳቴን፣ በርጩማዎቹን፣ ሦስት ሰዓቱን።

አጥንቱን ሳህኑ ላይ አስቀመጠው።

«ስንት ነበራችሁ?»

«ከእኔ ጋር...»

«ተይ፣ አትንገሪኝ። ከጠየቁኝ አላውቅም ማለት እፈልጋለሁ። አላውቅም ስል ደግሞ መዋሸት የለብኝም።»

እንዲቆጣኝ እጠብቅ ነበር። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አጥንቱን መልሶ አነሣና ጨረሰው።

«ጣፍጧል» አለ። «ጨምሪልኝ። እዚያ እንዲህ ያለ የለም።»

ጨመርሁለት። በልቶ ሲያበቃ እጁን ታጠበ፣ ከአልጋ ሥር ዘንቢል አወጣና ብርድ ልብስ፣ ሹራብ፣ ሳሙና አስገባበት። ምን እንደሚያስፈልግ አሁን ያውቅ ነበር። ባለፈው ጊዜ ያለ ሳሙና ነበር የወሰዱት። የዘንቢሉን ማንጠልጠያ በገመድ ሲያጠናክር ተቀምጬ አየሁት። አብጠው የነበሩት እግሮቹ ያን ሰሞን ጎድለው ነበር፤ ቁርጭምጭሚቱ ይታይ ጀምሮ ነበር። ከመተኛታችን በፊት እንደ ወትሯችን አብረን ጸለይን። ስለ ነገ አንድም ነገር አልጠየቀም። ስለ እራቱ አመሰገነ።

በማግስቱ እሱ ሳይነቃ ተነሣሁ። ዘንቢሉን ፈትቼ የእሱን ሹራብ አወጣሁና የእኔን አስገባሁ። ብርድ ልብሱንና ሳሙናውን አልነካሁም። ትልቋን ልጄን ቀስቅሼ «አባትሽ ሥራ ይግባ፣ ቀበሌ የምትሄደው እማዬ ናት በይው፤ ከኋላዬ እንዳይመጣ» አልኋት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። መታወቂያዬን ይዤ ወጣሁ።

ቀበሌው ገና አልተከፈተም ነበር። ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ላንቃዬ ተልጦ ምራቅ መዋጥ ያመኝ ነበር። ሰብሳቢዋ ቁልፉን ይዛ ስትመጣ ተነሥቼ ቆምሁ።

«የጠራሁት ባልሽን ነው» አለች።

«ሥራ ይገባል፣ ጓድ። እሱ አያውቅም ነበር። ጅራቱን የገዛሁት እኔ ነኝ፣ የጣድሁትም እኔ ነኝ፣ የበላሁትንም አንቺው አይተሻል።»

«በርጩማዎቹስ?»

«የቤቴ በርጩማዎች ናቸው። ያስቀመጥኋቸው እኔ ነኝ።»

«እነማን ተቀመጡባቸው?»

«ይህን አልነግርሽም። አላውቅም ብዬም አልዋሽሽም።»

ቁልፉን በሩ ውስጥ እንዳስገባች ቆመች። ዘንቢሉን አየች።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ብርድ ልብስ ነው። ሹራብና ሳሙናም አለ።»

«ማን አስርሻለሁ አለሽ?»

በሩን ከፈተች፣ ተከትያት ገባሁ። ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን መዝገብ ገልጣ ለረጅም ጊዜ እስክርቢቶዋን ይዛ ተቀመጠች። ከንፈሯ ዛሬም ደርቋል፤ ማክሰኞ ነበር፣ የጾሙ ሁለተኛ ቀን። ከዚያ ፈጥና ጻፈችና መዝገቡን ዘጋችው።

«ቆሻሻ ውኃ መንገድ ላይ ደፍተሽ ሰፈሩን አስቸግረሻል ብዬ ጽፌያለሁ» አለች። «በስምሽ ነው የጻፍሁት፣ በባልሽ አይደለም። አንድ ወር ጠዋት ጠዋት እየመጣሽ ግቢውን ትጠርጊያለሽ።»

አልደፋሁም ልላት አፌን ከፈትሁ። ምን ልል እንደሆነ ያወቀች ይመስለኛል። «ዝም በይ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «ዘንቢልሽን እዚያ አስቀምጪው። መጥረጊያው ከበሩ ጀርባ ነው።»

ዘንቢሉን ከአግዳሚው ሥር አስቀመጥሁ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሠርሁ፣ መጥረጊያውን አነሣሁና ከደጃፉ ጀመርሁ።